ተመርቋል፣ መብራት ብቻ ነው የቀረው

እናንተ ሰዎች፣ «ተከፈተ» ማለት ምን ማለት ነው? የምሬን ነው። ሱቅ ተከፈተ ሲባል ገብቼ ስኳር እገዛለሁ። ማደያ ተከፈተ ሲባል ቢያንስ የምሰለፍበት ሰልፍ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ተከፈተ ሲባል ግን ምኑ ነው የተከፈተው? በሩ? ወይስ የኔ አፍ?

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። (እናቴ እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምትለው፣ እኔንም አንዳንዴ ያመልጠኛል።) ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና አለችኝ። በ2016 ጥር ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል ከተባለ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚህ መጥቷል፣ እኔ ግን ማንም አላስገደደኝም፤ የቤንዚን ሰልፍ አንገሽግሾኝ ነው የገዛኋት። እወዳታለሁ። አትጮህም፣ አታጨስም፣ ዘይት ቀይርልኝ አትልም። ብሶቴ በሷ አይደለም።

ብሶቴ ሌላ ነው። ሱስ ይዞኛል። ሰው ቅዳሜ ሲመጣ ሶደሬ ወርዶ ይዋኛል፣ እኔ አዲስ ቻርጀር የሆነ ቦታ ተከፈተ ከተባለ ሄጄ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለሁ፣ እዚያ ፎቶ ይለጠፋል፣ ፊኛ አለ፣ ሪባን አለ፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ተደርድረው መቀስ ይዘዋል፣ ከሥር ሰዉ የእሳትና የጭብጨባ ኢሞጂ ያዘንባል። እኔም ወዲያው ኪሎ ሜትሩን ማስላት እጀምራለሁ። ባለቤቴ በቀደም ምን አለችኝ? «ሰው ሚስቱን ላንጋኖ ወስዶ ሐይቅ ያሳያታል፣ አንተ ሶኬት ታሳየኛለህ።» ምን ልበላት? ዝም አልኩ።

ለነገሩ ሱስ ብቻ አይደለም፣ ችግርም አለበት። ተከራይ ነኝ። ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ካርድ ቆጣሪ ነው፣ እሱንም ከአከራያችን ጋር ነው የምንጋራው። በተራ ሶኬት፣ በ10 አምፔር ስሰካት የምታገኘው 2 ኪሎ ዋት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፣ ባትሪዋ ደግሞ 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። አካፍሉት። ከባዶ እስኪሞላ 17 ሰዓት አካባቢ፣ የሚባክነው ሳይቆጠር። ሌሊት መብራት ከሄደ ደግሞ ጠዋት ወደ ሥራ በባጃጅ ነው። እና ሰው ፈጣን ቻርጀር ቢያሳድድ ይፈረድበታል?

እሺ፣ ወደ ሀዋሳው ጉዞ።

ልጆቹ ሐይቁን ማየት ፈለጉ፣ አክስቴም ካየችን ቆየች። በዚያው ሰሞን ግሩፑ ላይ ሁለት አዲስ ጣቢያ ተለጠፈ፣ አንዱ ከባቱ አለፍ ብሎ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ አንዱ እዚያው ሀዋሳ። እግዜር ራሱ ያዘጋጀው ነው የመሰለኝ። ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርጎ ሀዋሳ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዋን ስገዛ «አንዴ ከሞላህ 400 ትሄዳለህ» ተብያለሁ። ይቺ 400 የቻይና መለኪያ ናት፤ ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ እያሉ በዝግታ ሲነዳ የምትገኝ። ፈጣን መንገዱ ላይ 100 እየነዳህ፣ አራት ሰውና አንድ ጀሪካን ጠላ ጭነህ፣ ኤሲ ከፍተህ 250 ካገኘህ ተመስገን ነው። ስለዚህ 225 ይደረሳል፣ ግን እየተጸለየ ነው። ለዚህ ነው የመሀሉን ቻርጀር የፈለግኩት።

ጠዋት 1 ሰዓት ወጣን። የተባለው ሆቴል ስንደርስ 52 ፐርሰንት ይላል። ቻርጀሩ አለ! ቆሟል፣ ያምራል፣ ረጅም ነው። ጠጋ ስል ግን ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ አልተነሳለትም። ፊኛዎቹ ግን አሉ፣ ተንፍሰው ተንጠልጥለዋል። ጥበቃው መጣ፣ ትሑት ሰው ነው፣ ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አለን። «ጋሼ፣ ይሠራል?» አልኩት። «እንዴታ! ባለፈው ሳምንት ተመርቋል እኮ» አለኝ። ደስ አለኝ። «ታዲያ አብራልኛ።» እሱዬውም ቀዝቀዝ ብሎ፣ «ተመርቋል፣ መብራት ብቻ ነው የቀረው፤ ትራንስፎርመር እየጠበቅን ነው።»

መብራት ብቻ ነው የቀረው! ሰውየው ላይ አልፈርድም፣ ያየውን ነው የነገረኝ። ግን እስቲ አስቡት፣ ለቻርጀር «መብራት ብቻ ነው የቀረው» ማለት ለሠርግ ሙሽራዋ ብቻ ነች የቀረችው እንደማለት አይደለም? ባለቤቴ ከመኪናው አልወረደችም። በመስኮት አየችኝና መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አትጠይቁኝ። ፍጥነት ወደ 70 ወረደ። ኤሲ ተዘጋ። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ እንዴት እንደሆነች የምታውቅ ታውቃለህ። ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ኧረ የአህያ ጋሪም ሊቀድመን ነበር። ትንሹ ልጄ «አባዬ ለምን ቀስ እንላለን?» ሲል እናቱ መለሰችለት፣ «አባትህ ሶኬት ሊያሳየን ነው።» ሀዋሳ በ17 ፐርሰንት ገባን።

ሁለተኛው ጣቢያ። ይሄኛው ይሠራል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ በእልልታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ሁለት ኬብል አለው። ለማታውቁት፣ እዚህ አገር በብዛት ያሉት መኪኖች ከቻይና ስለሚመጡ በፍጥነት የሚሞሉት ጂቢቲ በሚባለው የመሰኪያ ራስ ነው፣ የአውሮፓዎቹ ደግሞ ሲሲኤስ 2 ይጠቀማሉ። አንዱ ለአንዱ አይገባም። አስማሚ ካልያዝክ ቆመህ ማየት ነው። እዚህ ጣቢያ ከሁለቱ ኬብል አንዱ ብቻ ነው ጂቢቲ፣ እሱ ፊት ለፊት ደግሞ ምን ቆሟል? ላንድክሩዘር። የናፍጣ ላንድክሩዘር! ለምን እንደቆመ ታውቃላችሁ? ጥላ ስላለ። ሹፌሩስ? «አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ ሄደዋል።»

አልፈርድበትም፣ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የማይበላ የለም። ግን ሰውየው የሄደው ዓሣ ሊበላ ነው ወይስ ሊያጠምድ? አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። መጣ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ፓርኪንግ መስሎኝ» አለ። ምንም ምልክት ስላልተጻፈበት ልቆጣውም አልቻልኩም። አያችሁ፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ የሚቆጡት ሰው እንኳ አይገኝም።

ሰካሁ። ጀመረ። ቻርጀሩ ላይ 60 ኪሎ ዋት ይላል፣ የኔዋ የምትቀበለው 35 ገደማ ነው። (ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ 120 የሚል ቻርጀር አየሁ ብሎ የሚጨፍር አለ። የሚወስነው ከሁለቱ ያነሰው ነው። ጠባብ ጉሮሮ ላለው ባልዲ ብትደፋለት ያው በጠብታው ነው የሚውጥ።) 18፣ 20፣ 25። ልጆቹን ሐይቅ ዳር ውሰጃቸው አልኳት። 31 ሲል ድው። መብራት ሄደ። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው የሠራው፣ ቆጥሬዋለሁ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። ቻርጀሩም ነቃ፣ ግን ለመጀመር እንደገና ካርድ ይነካ ይላል፣ ካርዱ ደግሞ ያለው አንድ ልጅ ጋ ነው። ልጁስ? ወጣ ብሏል። ስልኩ? ዝግ ነው። መቼ ይመጣል? «አሁን ይመጣል።» ይሄ «አሁን» ስንት ሰዓት እንደሆነ ኢትዮጵያዊ የሆነ ያውቀዋል። ፀሐይዋ ወደ መጥለቁ ስትል ትቼው አክስቴ ቤት ሄድኩ።

እዚያስ? ኤክስቴንሽን ከኩሽና አውጥቼ ሰካኋት። ሌሊቱን ሙሉ ከጠጣች ጠዋት 80 ትጠጋለች ብዬ በሰላም ተኛሁ። ለካ አክስቴ ለኛ ክብር ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ እንጀራ ልትጋግር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ምጣዱና መኪናዬ በአንድ መስመር። ብሬከሩ ወረደ። አነሳችው። ወረደ። ሦስተኛው ላይ በሬን አንኳኳች፣ «ልጄ፣ ቁርስ የምትበሉት እናንተ ናችሁ ወይስ መኪናዋ?»

ነቀልኳት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ለእንግድነት የመጣሁ ሰው የአክስቴን ሊጥ አበላሽቼ ልሂድ?

አሁን የምለውን ስሙኝ። አዳማ ስትገቡ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ የተተከሉት 34 ናቸው፣ ቀጥለው 102 መጡ፣ አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት ነው አቅማቸው። በዚህ በኩል ቆቃ ግድብ አለ፣ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ኃይል ሲያመነጭ የኖረ። ነፋሱ ከላይ፣ ውኃው ከታች፣ እኔ መሀል ላይ 9 ፐርሰንት ይዤ «ጋሼ፣ መብራት መቼ ይመጣል?» እያልኩ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ነፋሱማ ጭራሽ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳኝ፣ ፈጣን መንገዱ ላይ ፊት ለፊት ሲመጣ ባትሪዬን ይበላል፣ ያመነጨው መብራት ደግሞ እኔ ጋ አይደርስም። ይሄ ለኔ ብቻ ነው እንዴ የሚገርመው?

ጥሩ አላጋጠመኝም አልልም። አዲስ አበባ አንድ ቦታ አለ፣ ጥላ አለው፣ ጥበቃው ወረፋ በደብተር ይይዛል፣ ኬብሉን ራሱ ጠቅልሎ ይሰቅላል፣ መብራት ከሌለ ከመምጣትህ በፊት በስልክ ይነግርሃል። ያ ሰውዬ ከቻርጀሩ በላይ ነው። ደግሞ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ለመውጣት በቂ ይዞ መነሳት ግድ ነው፣ ከኛ ከ600 እስከ 700 ሜትር ከፍ ትላለችና ለሽቅቡ ብቻ ወደ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጨማሪ ትበላለች። ስትመለስ ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልስልሃል። ከሰው በላይ ይሉኝታ ያለው ቁልቁለት ነው።

ግን እኮ ያ ጣቢያ ሲከፈት ፊኛ አልነበረም። ማንም አልለጠፈውም። አንድ የታክሲ ሹፌር ነው የነገረኝ።

እና ግሩፑ ውስጥ ላላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በናታችሁ፣ ሳትሰኩ «ተከፈተ» አትበሉ። ሪባን ያየ ሁሉ ይለጥፋል። የትኛው ራስ እንዳለው አይጻፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አይጻፍ፣ ካርዱ ማን ጋ እንዳለ አይጻፍ፣ እሳት ብቻ። እሳቱ ባትሪ አይሞላም።

ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይለቀኝም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ከወራት በፊት እዚሁ አዳማ አንድ አዲስ ቻርጀር ሳልፍ አየሁ፣ ቸኩዬ ስለነበር ከመኪና ሳልወርድ ፎቶ አነሳሁና «አዳማ ተከፈተ» ብዬ ለጠፍኩ። ያን ቀን ያገኘሁትን ጭብጨባ ሠርጌ ላይም አላገኘሁትም። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ከአሰላ ድረስ ወርዶ፣ መሣሪያው ገና ለሙከራ ነው ተብሎ፣ ያን ሁሉ ዳገት ሊመልሰው የሚችል ባትሪ ስላልነበረው አዳማ ሆቴል ይዞ አድሯል። የጻፈልኝን እዚህ አልደግመውም፣ ልጆች ያነባሉ። አባቴንም አልማረልኝ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ዛሬ ጠዋት ግሩፑ ላይ አዲስ ተለጥፏል። በዚያው በሀዋሳ መንገድ፣ ሻሸመኔ ሳይደረስ። ሦስት ኬብል ይላል። ፊኛ አለ። ባለቤቴ ስልኬ ላይ አጮልቃ አየችና ምንም ሳትል ዣንጥላና ውኃ ማዘጋጀት ጀመረች፣ ይሄ ከስድብ ይከፋል።

ቅዳሜ ከመነሳቴ በፊት አንድ ሰው ይርዳኝ። የመሣሪያውን ፎቶ አልፈልግም፣ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ሰክቶ ያየ ካለ የዳሽቦርዱን ፎቶ ይላክልኝ፣ ቁጥሩ ሲጨምር የሚያሳይ፣ ሁለት ፎቶ በአሥር ደቂቃ ልዩነት። የጥበቃውንም ስልክ።