አዳኙን ከዓይን ያውጣው

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ከዛፍ ላይ የወረደ ሰው በእኔና በአክስቴ ላይ ሕግ ጠቀሰብን። የሆነው በምኖርበት በሚኒሶታ፣ ማንም ሊመላለስበት በሚችል የሕዝብ ደን ውስጥ ነው። ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁኝ የመጡትን አክስቴን፣ ወቅቱ የአጋዘን አደን መሆኑን ነግሬ፣ በዚህ ሰሞን ነጭ ለብሶ ደን መግባት ጭራውን የቀሰረ አጋዘን መስሎ መታየት እንደሆነም አስጠንቅቄ ነበር፤ ጋቢዬን አልተውም ስላሉ ግን በላዩ ላይ ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያ አለበስኳቸው። ታዲያ ከፊታችን ካለው ዛፍ ላይ፣ የእህል ጠባቂ ማማ በምታህል መቀመጫ ላይ የተሰቀለ ሰው ባዩ ጊዜ፣ ሰው አይተው ዝም ብለው ማለፍ ስላልለመደባቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንደምን አደርክ ልጄ? ምን ሆነህ ወጣህ?» አሉት። ሰውዬው ቀስ ብሎ ወረደና፣ ከባድ በደል እንደደረሰበት ሰው በተሰበረ ድምፅ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚያድንን ሰው ማወክ በዚህ አገር እንደሚያስቀጣ አስታወሰን። ቃሉን ስተረጉምላቸው አክስቴ ጥቂት አሰብ አደረጉና «የከሰሰን አጋዘኑ ነው ወይስ እሱ ራሱ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በዚህ በሰሜኑ በኩል ለምትኖሩ አንባቢዎቼ ይህን ዓይነቱን ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ እናንተም ውሻችሁን ስታንሸራሽሩ ወይም ልጃችሁ ስታስነጥስ ሕጉን አስነብቧችኋል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ተነስቻለሁ፤ ትዕግሥቱ ምስጋና ይገባዋልና። ከንጋቱ በፊት ተነስቶ፣ የሴት አጋዘን ሽንት ከሱቅ በጠርሙስ ገዝቶ በዙሪያው አርከፍክፎ፣ አውሬው እንዳያየው ከእግር እስከ ራሱ ቅጠል መሳይ ልብስ ለብሶ፣ ሰው ግን እንዲያየው ሕግ የሚያዝዘውን ብርቱካንማ ሰደርያ በዚያ ላይ ደርቦ (አጋዘን ብርቱካንማን ከቅጠሉ ለይቶ ማየት አይሆንለትም)፣ ሰዓታት ሙሉ በብርድ ይቀመጣል። በመቶ እርምጃዎች ርቀት የቆመ እንስሳ በአንድ ጥይት የሚጥል መሣሪያ በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት እንደምን አደርክ ስላሉት የሚሰበር ልብ የተሸከመ ሰው ከየት ይገኛል? በጽሕፈታችን የሚገድለውም የሚታደገውም እኩል «አዳኝ» ተብለው መጻፋቸው፣ አንባቢው ካላጠበቀና ካላላላ አለመለየታቸው፣ እስካሁን የፊደላችን ጉድለት ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ ይህ ሰው ራሱን የሚያየው ላልቶ ነው።

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎችም አላሳፈሩትም። ሃምሳዎቹም ግዛቶች እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው። የፌዴራሉ ምክር ቤት ደግሞ በ1994 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በከባድ ወንጀሎች ላይ ያወጣው ግዙፍ ሕግ ውስጥ ለአዳኙ ማረፊያ ክፍል አበጅቶለት፣ በፌዴራል መሬት ላይ አደንን ሆን ብሎ የሚያደናቅፍ ሰው እስከ 5,000 ዶላር፣ ኃይል ወይም ዛቻ ከተጨመረበትም እስከ 10,000 ዶላር እንዲቀጣ ደንግጓል። በጠመንጃ አፈሙዝ ፊት ሄዶ ለሚገተር፣ የተጠመደ ወጥመድ ለሚሰርቅ ሰው ጥብቅና አልቆምም፤ በሞንታና አዳኝና ጎሽ መካከል የገባው ሰው ጉዳይ ለግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1994 ሕጉ ሲጸና ብዙም አላዘንኩም። ነገር ግን በኮኔቲከት በ1986 አንዲት ሴት የታሰረችው ጥይት ስለቀማች አልነበረም፤ ዳክዬና ዝይ ሊመቱ የወጡ አዳኞችን ተጠግታ ስለ ወፎቹ ውበትና በሰላም ስለ መኖር መብታቸው በመናገሯ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ሕግ ሻረው። ከዚያ ወዲህ በአብዛኞቹ ሕጎች ውስጥ «ሆን ብሎ» የምትለው ቃል ትልቅ ቦታ አላት፤ ከዛፍ የሚወርዱት ሊቃውንት ግን ሕጉን በቃላቸው ሲወጡት ይቺን ብቻ ይዘሏታል።

ዓይንን በሕግ በመገደብ ረገድ ግን ጎረቤታችንን ዊስኮንሲንን የሚስተካከላት አልተገኘም። በ2016 መጀመሪያ ላይ አዳኞች በብርቱካንማው ፈንታ ደማቅ ሮዝ ቢለብሱም እንዲፈቀድ ደነገገች፤ ከሩቅ ሊታይ የሚገባው ሰው በምርጫው አምሮ ይታይ ዘንድ ማለት ነው። በዚያው በጸደይ ደግሞ ለማደናቀፍ በማሰብ በአዳኝ ዓይን ለዓይን ርቀት ላይ መቆየትን፣ መቅረብን፣ ፎቶ ማንሳትንና መቅረጽን፣ ድርጊቱ ሁለት ጊዜ ከተፈጸመ፣ የሚያስቀጣ አደረገች። አንዱ ሕግ አዳኙን እዩት ሲል ሌላው ደጋግማችሁ አትዩት አለ። ለሰባት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ2023 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ድንጋጌው ግልጽነት የሌለው፣ ከልክ በላይ የሰፋና በአመለካከት የሚያዳላ ነው ብሎ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ። ይህን ሁሉ ወደ መኪናችን ስንመለስ ለአክስቴ አስረዳኋቸው፤ እሳቸው ግን የያዙት «ሁለት ጊዜ» የሚለውን ብቻ ነበር።

እኔ ግን ድንጋጌው መሻሩ ያሳዝነኛል፤ አገራችን ቢደርስ ኖሮ የፋሲካ በግ አራጃችንን በታደገ ነበር። እስቲ በአዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ጾም በተፈታበት ማለዳ፣ እጅጌውን የሰበሰበውን አባወራ አስቡት። አንደኛ ተከሳሽ፣ ቢላው አልተሳለም እያለ ሦስት ጊዜ የተናገረው፣ ራሱ ግን ዶሮ እንኳ አርዶ የማያውቀው አማቹ ይሆናል። ሁለተኛ ተከሳሽ፣ ደሙ ደረጃዬን እንዳይነካ ብለው ከመስኮት አንገታቸውን ያወጡት አከራይ ናቸው። ሦስተኛው፣ ሪያድ ላለችው እህቱ በቪዲዮ እያሳየ «ፊትህን ወደዚህ አዙረው» የሚለው ወጣት ሲሆን፣ የበጉን ይሁን የአባወራውን ፊት እንዳዘዘ ገና አልተጣራም። አራተኛዋ ከሁሉም የከፋች ናት፤ በጉን በገዛበት ዕለት ስም አውጥታለት፣ ለሦስት ቀን ቅጠል ስታበላው ቆይታ፣ አሁን ከበሩ ኋላ የምታለቅስ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ብታለቅስ በይቅርታ ይታለፍ ነበር፤ ቆዳው ሲገፈፍ ደግሞ ደግማ በማልቀሷ ሁለተኛው ድርጊት ተሟልቷል። ጉበቱ ላይ ዓይኗን ተክላ ከአጥሩ ላይ ያልተነሳችው ድመት በዓይን ለዓይን ርቀት የመቆየት ክስ ይቀርብባታል። ዐቃቤ ሕጉ በመጨረሻ ሬሳ ላይ ክስ መመሥረት ይቻል እንደሆነ አስተያየት መጠየቁ አይቀርም፤ በዚያ ማለዳ አራጁን ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ አስጠግቶ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ያየው በጉ ነውና።

እዚህ ላይ ሳቄን ልተው። በየካቲት 2021፣ በዚያችው በዊስኮንሲን፣ ፈቃድ ለያዙ አዳኞች የተመደበው 119 ተኩላ ነበር፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ 218 ገደሉ። ብዙዎቹ የተገደሉት በውሾች እየተሳደዱ፣ ያውም ለመራባት በሚገናኙበት ወር ነው። ተኩላን ወንድማችን ብለው የሚጠሩት፣ የአካባቢው ነባር ተወላጆች የሆኑት የኦጂብዌ ሕዝቦች በውል የደረሳቸውን ድርሻ ሳይነኩት፣ እንዳይገደሉ ትተውት ሳለ ይህ ሆነ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ጫካ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፎቶ ብታነሳው ግን በዚያን ጊዜ በጸናው ሕግ ልትከሰስ ትችል ነበር። ማን ነው በዚያ ሳምንት ጥበቃ ያስፈለገው? መታየት የማይችል ሥራ የሚሠራ ሰው ሥራውን ይመርምር እንጂ የእኔን ዓይን ለምን ያስራል?

የእኛ አያቶች ገዳዮች ነበሩ፤ ልከላከልላቸው አልሻም፤ አውሬያችንን ያሳሱት እነሱም ናቸው። ነገር ግን አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ካላየኸኝ ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይጨቀጭቅ ነበር እንጂ አየኸኝ ብሎ አይከስም። ዘራፍ እያለ ይመለሳል፤ መንደሩ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ፉከራው ካልተሰማለት የገደለው እንዳልሞተ ይቆጥረዋል። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው፣ ያ የዛፉ ሰው የሚያፍር ጨዋ ሳይሆን አይቀርም ብለው አዘኑለት።

መኪና ማቆሚያው ስንደርስ ፒክአፑን አስጠግቶ ቆሞ አገኘነው። ከእኛ በኋላ ቀንቶታል፤ አጋዘኑ ከኋላ ተጋድሟል፤ ምላሱን ወደ ውስጥ መልሶለት፣ ከአፉ ዙሪያ ያለውን ደም በመሐረብ እየጠረገለት ነበር። ሲያየን ፊቱ በራ። የጠዋቱን ሁሉ ረስቶ፣ ስልኩን ዘርግቶ፣ ቀንዱን ከፍ አድርጎ ሲይዝ ፎቶ አነሳው ዘንድ በትሕትና ለመነኝ። ስልኩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ አክስቴ ሰደርያዬን ከኋላ ጎተት አደረጉኝ።

«ተው ልጄ» አሉኝ፤ «ይኼ ሁለተኛህ ነው።»