መልቀቂያው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ
«ሕዝብ የጠላው መሪ ዛሬውኑ ይልቀቅ» የሚለው ሐሳብ ተተኪውን ረስቷል። ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 መልቀቂያ ሲያስገቡ ተተኪ አልተመረጠም ነበር፤ በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መጋቢት 24 ነው። ይህ ሁሉ ቀን አገር ስትንጠለጠል ያማል!

እዚህ ጅማ ድምፅ የምንሰጠው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት የምናደርገው ለምርጫ ክልላችን እጩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። አመኔታ ካጣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12(3) ከቦታው እንድናነሳው ይፈቅዳል። እንደኔ መሪው መልቀቅ ያለበት በምክር ቤቱ አብላጫውን ያጣ ዕለት ነው። ምክር ቤቱ ከተበተነም በአንቀጽ 60 መሠረት በ6 ወር ውስጥ ምርጫ ይደረጋል፤ እስከዚያ መንግሥት የዕለት ሥራ ያከናውናል፣ ምርጫ ያዘጋጃል እንጂ አዲስ አዋጅ አያወጣም።