ጫማዬ ያፈሳል

ጠዋት ከሞቀ አልጋ ተነስቶ እርጥብ የስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ጫማ ውስጥ እግር መክተት ምን እንደሚመስል ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ውሃ ውስጥ ያደረ ስፖንጅ መርገጥ በሉት። ግን ስፖንጁ በረዶ ነው፤ አራት ዘለበትም አለው፤ ቀኑን ሙሉም አብሮህ ይውላል።

እኔ ለዚህ አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ፦ «ጫማዬ ያፈሳል።» «እንዴት ነው ዛሬ?» ሲሉኝ፣ ጫማዬ ያፈሳል። ለምን ወደቅክ? ጫማዬ ያፈሳል። ከኋላዬ የመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ሽው ብሎ ሲያልፈኝም ጥፋቱ የጫማው ነበር።

ሰው ችግሩን ጮክ ብሎ ካወራ መካሪ አያጣም። አንዱ ሲሊኮን ቀባው አለኝ፤ ዘለበቶቹ የተመቱበትን ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ እየፈለግኩ ቀባሁ። ሌላው ቅርፊቱ፣ ማለትም የውጭው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ የሚገጥምበትን ቦታ በሰፊ ፕላስተር እሸገው አለ፤ አሸግኩት። ይሄኛው ምክር እንኳ ፍሬ አለው። እግር አናት ላይ ሁለቱ የፕላስቲክ ክንፎች ይደራረባሉ አይደል? በረዶ መሃላቸው ከገባ ዘለበቱ ሲጠብቅ አብሮ ይታሸግና በእግር ሙቀት እየቀለጠ ቀስ ብሎ ወደ ጣት ይወርዳል። ስለዚህ ከመቆለፍ በፊት ጠረግ ማድረግ ነው፤ ፕላስተሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሦስተኛው ደግሞ ከላይ የሚጠለቅ የጫማ ልብስ አመጣልኝ። በመጨረሻ ጫማዬ ጫማነቱ ቀርቶ በፖስታ የሚላክ ዕቃ መሰለ።

ከዚያ አንድ ጥርት ያለ፣ ብርዱ የጠነከረ ቀን መጣ። በረዶው እንደ ዱቄት ይቦናል፤ እፍ ብትለው ይሄዳል፤ የሚቀልጥ ነገር የለም። ማታ ጫማዬን አወለቅኩ። ካልሲዬ ይጨመቃል።

ማድረቂያ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፕላስተሬን፣ ሲሊኮኔን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ ከውጭ የገባ አይደለም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«የራስህ ነው።»

ሰው ስድብ ይረሳል፤ ይሄን ግን እስካሁን አልረሳሁም። ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሁለት እግር ላይ ወደ 250,000 የሚጠጉ የላብ ዕጢዎች አሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ የስኪ ጫማ ቆዳ ነበር፤ ያኔ በእርግጥም ያፈስ ነበርና ሰው የመማረር መብት ነበረው። ፕላስቲኩ ሲመጣ ውሃ ማስገባቱ ቀነሰ። ግን ማስወጣትም እምቢ አለ። እግርህ የሰጠውን ሁሉ ገበሩ፣ ከቅርፊቱ ውስጥ ያለው ለስላሳ ጫማ፣ ይቀበላል፤ ገበሩ ደግሞ ስፖንጅ ቢጤ ነው፤ ቻይ ነው፤ ዝም ብሎ ይጠጣል። እኔ ሙቀት ፍለጋ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ያውም የጥጥ፣ የመጠጡን ግብዣ አድምቄው ነበር። አንድ ስስ የሱፍ ካልሲ ይበቃ ነበር።

ስለ ማድረቂያ ክፍሉ ሳላወራ አላልፍም። ሰላሳ ጥንድ ጫማ አፉን ከፍቶ ተሰልፏል። ጠረኑ ዓይን ያስለቅሳል። የሚገርመው፣ ባለቤት የለውም! የገባ ሁሉ አፍንጫውን ይይዝና «ውይ፣ የማን ነው?» ይላል፤ ከዚያ የራሱን አስቀምጦ ይወጣል። እኔም እላለሁ። ሰላሳ ሰው ጠይቆ አንድም «የኔ ነው» ያለ አልሰማሁም።

ጓደኛዬ ይህን ወረፋ ንቆ የራሱን ጫማ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው ላይ ሰቀለው። «እኔ ብልህ ነኝ» አለ። የገበሩ አረፋ በሙቀት ቅርፁን ይቀይራል፤ ባለሙያ በልክ አሙቆ ለእግር የሚያስማማውም በዚሁ ባሕርዩ ነው። የጓደኛዬ ግን ለእግሩ ሳይሆን ለማሞቂያው ተስማማ። ጠዋት ሲያጠልቀው አላየሁትም፤ ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰማሁት እንጂ።

ሽማግሌው ያስተማሩኝ ዘዴ ሙያ አይፈልግም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ማታ ማታ ገበሩን ከቅርፊቱ ጎትተህ ታወጣለህ፤ የውስጡን ሶል ለብቻው ታነሳለህ፤ ለብ ያለ አየር ያለበት ቦታ ታሳድረዋለህ። ማድረቂያ ከሌለ ጋዜጣ እየጨማደድክ እስከ ጣቱ ድረስ ትጠቀጥቃለህ፤ ሲርስ ትቀይራለህ። መኪና ውስጥ ማሳደር አይታሰብም፤ እርጥበቱ እንዳለ ይቆይሃል፤ ፕላስቲኩም በብርድ ድንጋይ ሆኖ ጠዋት እግርህን አላስገባም ይልሃል። ገበሩን መልሶ ማስገባት ደግሞ ራሱን የቻለ ትግል ነው፤ አልጋ ላይ ተንጋልዬ ጫማ በጉልበቴ ስደቁስ ያየኝ የክፍል ጓደኛዬ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

ግን ሠራ። በማግስቱ ጫማዬ ደረቅ፣ ሞቅ ያለ፣ የሚያስደስት ሆነ። አንድ ችግር ብቻ፦ ጠቦኛል። ጣቶቼ ተጣጥፈው ግማሽ ቀን አነከስኩ። ሲደርቅ ተኮማተረ ማለት ነው! ለሁሉም ሰው ነገርኩ። ከሰዓት በኋላ በንዴት ጫማ የሚያስተካክለው ባለሙያ ጋ ሄጄ፣ ይህ ጫማ በአንድ ሌሊት አንድ ቁጥር ቀንሷል፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው ይሸጣል ወይ ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ምንም አላለም። እጁን እስከ ክርኑ ከተተና ከጣቱ በኩል አንድ ጭማዳ ጋዜጣ አወጣ። ዘርግቶ አየው።

«አንብበኸዋል ወይስ ልመልሰው?»