ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ

ሐኪሙ የላብራቶሪ ወረቀቱን አየት አደረገና «ስኳር የለብህም፣ ግን ደጃፉ ላይ ቆመሃል» አለኝ። ጠዋት ሳልበላ የተለካው 114 ነው፣ ከ100 በታች መሆን ነበረበት፣ 126 ሲሞላ ስሙ ይቀየራል። እንግዲህ እኛ ሀገር ደጃፍ ላይ የቆመን ሰው «ግባ እንጂ፣ ምን ቆመሃል» ነው ሚባለው፣ ተመለስ ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ ትንሽ ግራ ገባኝ። «ካርቦሃይድሬት ቀንስ» አለኝ። ስንት ልቀንስ፣ ከየቱ፣ እስከ መቼ ሚለውን አልነገረኝም፣ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ለዚ ለዚማ ስልክ አለ አይደል።

ስልኩ ኬቶ አለኝ። በቀን 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ የቀረው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ። ነገርየው በፈረንጆቹ 1921 አሜሪካ ውስጥ ለሚጥል በሽታ የታሰበ ሕክምና ነበር አሉ፣ መቶ ዓመት ተንከባሎ ተንከባሎ የኔ ቦርጭ ላይ አረፈ። ቁጭ ብዬ ሂሳብ ሠራሁ። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ፣ ስለዚ ለኔ በቀን 27 ግራም ዱቄት ትደርሰኛለች፣ እሷ ተጋግራ ምን ታክላለች ብዬ ሚስቴን ስጠይቃት ከሞሶቡ አንድ እንጀራ ገለጥ አድርጋ ጠርዙን ቀደደችና «ይቺን» አለችኝ። ለድመቷ ከዛ በላይ ነው ምንሰጣት።

ደሞ አማርኛው ራሱ አያስጾምም። ፈረንጅ ካርቦሃይድሬት ሚለው ነገር በኛ ቋንቋ ምግብ ነው ስሙ። ለእናቴ ደውዬ ቁርስ አራት እንቁላል በቅቤ በላሁ ስላት «እሱማ ይሁን፣ እህል ግን ባፍህ አልዞረም?» አለችኝ። አክስቴ የባሰች ናት፣ በስልክ «እንጀራ ትቻለሁ» ስላት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለችና «ውይ ልጄን! ምን አስቀይመውህ ነው? ሌላ ሥራ ሳታገኝ እንዴት ትተዋለህ?» አለች። አስረድቻት እስክትረዳኝ ካርዴ አለቀ፣ ማታውን ሦስት ዘመድ ደውሎ አይዞህ አለኝ፣ አንዱማ ጠባቂ ሚፈልግ ድርጅት አገኘልኝ።

ግን ትልቁ ፈተና ቤት ውስጥ አልነበረም፣ መሥሪያ ቤት ነው። እኛ ምሳ አራት ሆነን ባንድ ትሪ ነው ምንበላው፣ ሁለት ጥብስ አንድ ተጋቢኖ እናዛለን፣ ሂሳብ ለአራት ይካፈላል፣ እንዲህ ስንኖር ስድስት ዓመት ሆነን። ኬቶ የጀመርኩ ቀን አስተናጋጁን ሹካ አምጣልኝ አልኩት። ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ምለው፣ ሰው እድሜ ልኩን ሲበላ የኖረውን ነገር የሚያስተውለው ሲያቆም ነው መሰለኝ፣ ያን ቀን ነው እንጀራ ማለት የወጥ ፍሬን መሆኑ የገባኝ። ሰው በእንጀራ ሲጠቀልል አንዲት ቁራጭ ሥጋ ይዞ ይሄዳል፣ ያኝካል፣ ያወራል፣ ይመለሳል። በሹካ የሚበላ ሰው ግን ፍሬኑ የተበጠሰ ሲኖትራክ ነው፣ ወሬ ሳልጨርስ ጥብሱ አለቀ። ትሪው ላይ የቀረው ቃሪያና ለሦስት ሰው የሚበቃ ባዶ እንጀራ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ እጁን እየጠራረገ «ወንድሜ፣ አንተ ዳይት ላይ አይደለህም፣ እኛን ነው ዳይት ያስገባኸን» አለ። በማግስቱ ሂሳብ ሲመጣ ለአራት መካፈሉ ቀረና ለአምስት ሆነ፣ ሁለት እጁ የኔ።

ክትፎ ቤትም ሞክሬያለሁ። ክትፎ በአይብ በጎመን፣ ካርቦሃይድሬት የለው ምን የለው፣ አያቶቻችን ሳያውቁት ሠርተውት ቁጭ ብሏል። ቆጮውን ግን ተውልኝ አልኩ። አስተናጋጇ «ለምን? ትኩስ ነው እኮ» አለች፣ ዳይት ላይ ነኝ ስላት ክትፎውን አየችው፣ ጣባው ጫፍ ላይ ቅቤው ይዋኛል፣ መልሳ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ዋጋውም አልቀነሰም።

በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ወረድኩ። ሰፈሩን በሙሉ አሰለቸሁት፣ ቀበቶዬን በአዲስ ቀዳዳ እያሳየሁ። በኋላ ሳነብ ነው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ስኳር እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ እንደሚቀመጥ ያየሁት፣ ስኳሩ ሲያልቅ ውሃው ይፈሳል። ለካ ያ ሁሉ ኩራት ሽንት ነበር። ራስ ምታቱና ድካሙም ከዚው ነው፣ ውሃው ጨውንም ይዞት ይወጣል፣ ትንሽ ጨው ያለው የሥጋ ሾርባ ስጠጣ ለቀቀኝ።

ሰፈር ደሞ መክሳትን በክፉ ነው ሚያየው። ቦርጭ ስታወጣ «ተመችቶሃል» ትባላለህ፣ ስትቀንስ ግን እትዬ ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አርገው «ልጄ፣ ተመረመርክ? ጸበል አለ እኮ» ይላሉ።

ይሄን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት እሮብን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሰውነት ያለውን ስኳር ጨርሶ ወደ ስብ ማቃጠል ለመዞር ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት ይፈልጋል። እኔ ደሞ እሮብና ዓርብ ጿሚ ነኝ። ቅዳሜ በእንቁላል እጀምራለሁ፣ እሁድ ሥጋ፣ ሰኞ አይብ፣ ማክሰኞ ማታ ጉበቴ እንደምንም ተስማምቶ ስቡን ሊያነድ ክብሪት ሲጭር፣ እሮብ በጥድቅ ስም ሽሮው ከች። ክብሪቱ ጠፋ። ሐሙስ አንዲት ቀን ናት፣ ለምንም አትሆን፣ ዓርብ ደሞ ምስር። ቅዳሜ እንደገና ሀ ብዬ። ሁለት ወር ሙሉ ጉበቴ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ነው የኖረው። ከዛ 55ቱ የሁዳዴ ቀናት መጡ፣ ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ፣ ከኬቶ ላይ እነዚን ስታነሳ ሚቀርህ አቮካዶና ጸሎት ነው።

ሚስቴ ግን ሴትዮዋ ተስፋ አትቆርጥም፣ ተልባ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት አብዛኛው አሰር ነው፣ ስኳር አያወጣም ሲባል ሰምታ የተልባ ቂጣ ጋገረችልኝ። ሱፐርማርኬት ያለውን የአልሞንድ ዱቄት ዋጋውን አይተን መልሰን ካስቀመጥነው በኋላ ማለት ነው። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ይላሉ፣ ይሄኛው አልተንጫጫም፣ ምጣዱ ላይ ተጣበቀ፣ ከምጣዱ ሲላቀቅ ጥርሴ ላይ ተጣበቀ፣ ቂጣው ግን ሆድ ይይዛል፣ አልዋሽም፣ እስከ ማታ አልራበኝም፣ ለመናገርም አልቻልኩም።

አጎቴ ያደረገውን ልንገራችሁና ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ጋሼ የስኳር ሰው ነው፣ ኢንሱሊን ይወጋል፣ እኔን አየና ለማንም ሳይናገር እንጀራ አቆመ፣ መርፌውን ግን እንደ ድሮው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላብ በላብ ሆኖ እጁ ሲንቀጠቀጥ አገኘነው፣ ለስላሳ አጠጣነውና ነፍሱ ተመለሰች። ሐኪሙ በኋላ ተቆጣው፣ ምግቡ ሲቀንስ መድኃኒቱም አብሮ መለካት አለበት፣ ተመካክረን እንጂ ብቻህን አይሆንም አለው። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ለሰው ሲያወራ «ያ ልጅ በሥጋ ሊገለኝ ነበር፣ ለስላሳ አዳነኝ» ነው ሚለው።

ከፋሲካ በኋላ ግራም መቁጠሩን ተውኩት። ስልኩ የነገረኝ ኬቶ እሮብ የሌለው ሀገር ሰው የሠራው ነው፣ ለቅሶ ቤት ንፍሮ የማይዞርበት፣ ቡና ከቆሎ ጋር የማይጠጣበት። ስለዚ የራሴን ሠራሁ። መጀመሪያ ስኳር ከቡናና ከሻይ ወጣች፣ በሲኒ ሦስት ማንኪያ ነበርኩ፣ በቀን አራት ሲኒ፣ እዛጋ ነበር ለካ ደጃፉ። ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ እንግዳ ካልሆንኩ አልነካም። እንጀራ ምሳ ላይ ብቻ ግማሽ፣ ማታ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ያለውን። በጾም ቀን ምስሩን አብዝቼ እንጀራውን አሳንሳለሁ፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱን ድሮም እናውቀዋለን፣ ፈረንጆቹ ስም አውጥተው መጽሐፍ ይሸጡበታል። ዶሮ ወጥ ላይ ሂሳብ አልሠራም፣ አንዴ ሠርቼ አዝኛለሁ፣ ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ይገባል፣ ሽንኩርቱ ብቻ 180 ግራም ካርቦሃይድሬት ያህል አለው፣ ዶሮዋ ለሰበብ ነው ያለችው። በዓል ግን በዓል ነው። በዚ ሁኔታ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፣ ቀስ እያለ 7 ኪሎ ሄደ፣ ይሄኛው ውሃ አይደለም፣ ስኳሬ 98 ነው። ሐኪሙ «ምን አደረግክ?» አለኝ፣ ላስረዳው ስጀምር ወረፋውን አየና ጎሽ ብሎ ሸኘኝ።

መሥሪያ ቤትም ሹካውን መልሻለሁ፣ ሂሳቡ ግን እስካሁን ለአምስት ነው።

የቀረችው እናቴ ነበረች። ለሷ ግማሽ እንጀራ ማለት ግማሽ ልጅ ማለት ነው። ባለፈው እሁድ ስሄድ ዶሮውን አቀረበች፣ እንቁላሉን ሁለት፣ አይቡን፣ ጎመኑን፣ እኔም በልቼ በልቼ ጥግብ ስል «በል አሁን ደግሞ ምሳህን ብላ» አለች። እማዬ ጠገብኩ እኮ፣ እንጀራ ለኔ ትንሽ ነው ሚበቃኝ፣ ሐኪም ነው ያለው። ሐኪም ሲባል ትንሽ ተረጋጋች። «ትንሽ ከሆነማ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ የምጣዱ አክንባሎ ሲነሳ ተሰማኝ፣ ሽታው መጣ። ልጅ ሆነን ሊጥ ሲተርፋት ለኛ የምትጋግራት እንጎቻ፣ መዳፍ የምታክል፣ ዓይኗ የበዛ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል ካየኋት። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዓይኔ ሁላ እንባ አቀረረ፣ ሚዛኔ ተገኘ አልኩ፣ ከእንግዲህ የኔ እንጀራ ይቺ ናት፣ እድሜ ልኬን።

ሰፌዱን ይዛ ወጣች። ስድስት ናቸው።

«ትንንሽ ስለሆኑ ነው» አለች።