ለትራክተሩ የኋላ ቀኝ ጎማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ 18.4-30

ለክቡር የኋላ ቀኝ ጎማ
ባሉበት (የትም ሊሄዱ እንደማይችሉ ይታወቃልና)
ራያ ቆቦ፣ ወሎ

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ መተንፈስዎን ይመለከታል

ሐምሌ ገብቶ፣ ገበሬው የጤፍ ዘሩን አዘጋጅቶ፣ ደመናው በምዕራቡ ተራራ ላይ ተቆልሎ ሳለ፣ ከወልድያ አላማጣ አስፋልትም ከመንደርም እኩል የራቀውን ቦታ መርጠው በመተንፈስዎ የተሰማንን አድናቆት እንገልጻለን። ጎሚስታና ሻይ ባለበት በቆቦ ከተማ መተንፈስ የማንም ተራ ጎማ ሥራ ነው። ትራክተር ስኮርታ ይዞ እንደማይዞርም ክቡርነትዎ አስቀድመው አጣርተዋል።

በተደረገው ምርመራ ጥፋቱን የፈጸመችው አንዲት የግራር እሾህ መሆኗ ተረጋግጧል። በዚህ አልተገረምንም፤ ያን ያህል ገዝፈው የሚይዙት የአየር ግፊት የአንድ ቤት መኪና ጎማ ከሚይዘው ግማሽ ቢሆን ነው።

የወሎ ሰው የተቸገረ መንገደኛ አይቶ ማለፍ አይሆንለትምና፣ ወዲያው በዙሪያዎ ሸንጎ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ኸይር ነው» ብለው አጽናኑን፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ የተናገረው ጎልማሳ ግን በቀስታ እየተነዱ እስከ አስፋልቱ እንዲወሰዱ ሐሳብ አቀረበ፤ ሾፌሩም ተቀበለው። ጥቂት እንደተሄደ እርስዎ በቸርኬው ላይ ተንሸራትተው የከመነዳሪውን ቫልቭ ከሥሩ ስለገነጠሉት፣ በአንድ ልጥፍና በጥቂት ማስቲሽ ያልቅ የነበረው ጉዳይ ወደ አዲስ ከመነዳሪ ግዢ አደገ። ሐሳብ አቅራቢው ከዚያ በኋላ አልታየም።

ማረሻ ሲጎትቱ እግርዎ እንዳይከዳዎት በማለት ሦስት አራተኛ ሆድዎ በውኃ ተሞልቶ ስለነበር፣ በተገነጠለው ቫልቭ በኩል የፈሰሰው ከ300 ሊትር ያላነሰ ውኃ በሥርዎ ያለውን አፈር ጭቃ አደረገው። ክሪኩም እጀታው በተጫኑት ቁጥር ትራክተሩን በማንሣት ፈንታ ራሱ መስመጥ ጀመረ። ከሥሩ የሚነጠፍ ሳንቃ ባለመገኘቱ፣ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ታግደው፣ አክሰሉም በግንድና በድንጋይ ተደግፎ ከእግርዎ በታች ያለው አፈር እንዲቆፈር ተወሰነ፤ ይኸውም ክቡርነትዎን ከፍ ማድረግ ስላልተቻለ ምድሪቱ ዝቅ ትበል ማለት ነው።

ከቆቦ የመጣው ከመነዳሪ ከልክዎ በአንድ ቁጥር ያነሰ ሲሆን፣ ሻጩ «ይለጠጣል» የሚል የቃል ዋስትና ሰጥቶበታል። የሚነፋውም በብስክሌት ፖምፓ ነው። ይህ ደብዳቤ በሚጻፍበት ሰዓት ሁለት ጎረምሶች እየተፈራረቁ በመንፋት ላይ ናቸው፤ እርስዎ ግን ትናንት የት እንደነበሩ ዛሬም እዚያው ነዎት። ገበሬው በበኩሉ አንድ ጊዜ ደመናውን፣ አንድ ጊዜ ግማሹ የታረሰውን ማሳ ያያል፤ የሚናገረውን ጨዋነት ስለሚከለክለን እዚህ አላሰፈርነውም።

ስለዚህ ወደፊት መተንፈስ ሲያሰኝዎ ከአምስት የሥራ ቀናት በፊት በጽሑፍ እንዲያስታውቁን፣ ቦታውም ጎሚስታ ካለበት በእግር የሚደረስበት እንዲሆን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኋላ ግራ ጎማ፦ እንዳይለመድ
ለስኮርታ፦ ካለ