ለክቡር «ልዩ ልዩ» ሳጥን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ለተሰየመው ሳጥን
መደርደሪያው ጥግ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የያዟቸውን ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ስለማስመለስ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ክዳንዎ አልገጥም ካለ ሰንብቷል። ወገብዎ በላስቲክ ታስሮ ሳይ ጨጓራ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ለካ ጥጋብ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የጎረቤቶችዎ የክብሪት ቀፎ መሳቢያዎች ዝምታ ነው። እነሱ እንዴት እንደተሠሩ ያውቃሉ። ባዶ ቀፎ ከየሱቁና ከየጎረቤቱ ተለምኖ፣ ጎን ለጎንና ላይ በላይ በኮላ ተጣብቆ፣ ዙሪያው በጫማ ካርቶን ተለብጦ የቆመ ባለ ብዙ ፎቅ ነው። እጀታው የኤሌክትሪክ ፍሰትን ከሚገታው ዕቃ፣ ከሬዚስተር፣ ተቆርጦ የተረፈ የሽቦ እግር ነው፤ ተጠማዝዞ በሁለት ቀዳዳ ገብቶ ከውስጥ ተቆልምሟል። በየግንባራቸው የሬዚስተሩ ዋጋ ተጽፏል፤ ዋጋ ማለት ብር ሳይሆን በኦም የሚለካው የመግታት አቅሙ ነው። የተለመዱት የሬዚስተር ዋጋዎች በእያንዳንዱ የአሥር እጥፍ (ለምሳሌ ከ10 ጀምሮ 100 ሳይደርስ) ውስጥ 12 ናቸው፤ ከ10 ኦም እስከ 1 ሜጋ ኦም ሲቆጠሩ 61 ይሆናሉ። 61 ቀፎ ማለት ነው! የሩብ ዋት ሬዚስተር ደግሞ እግሩ ሲዘረጋ ከቀፎው ስለሚረዝም የሚገባው ጉልበቱን አጥፎ ነው። ታጥፎ ተኝቷል፤ አንድም ቀን ቅሬታ አላስገባም።

እርስዎስ? በንድፉ ውስጥ እንኳ አልነበሩም። ብስኩቱ አልቆ ሊጣል የነበረ ቆርቆሮ ነበሩ። ሥልጣን የያዙት «ለጊዜው እዚህ ላስቀምጠው» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። በዚህ አገር ለጊዜው ተብሎ የተቀመጠ ነገር ስንት ዘመን እንደሚቀመጥ ለእርስዎ አልነግርም። የስምዎ አወጣጥም ከስብሰባ አጀንዳ ነው፦ ተራ ቁጥር አንድ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ሁለት በሦስት ደቂቃ፣ «ልዩ ልዩ» ላይ ግን ምሳ ሰዓት ያልፋል።

እስቲ የያዟቸውን እንቁጠር። ሦስት እግር ያላቸውን፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉትን ጥቁሮች ያስታውሷቸዋል? ሁሉንም «ትራንዚስተር» (ፍሰትን የሚያጎላ ወይም የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ብለው አንድ ላይ አጉረዋቸዋል። ከእነሱ መካከል ግን ኤልኤም35 አለ፤ እሱ ሙቀት ይለካል። 78ኤል05ም አለ፤ ሥራው ቮልቴጅን 5 ላይ መያዝ ነው። ትራንዚስተር የሆኑትም ቢሆኑ አይስማሙም፦ ቢሲ547ን ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እኛ፣ እግሩን ወደ ታች አድርገን ብንይዘው የእግሮቹ ስም ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን3904 ደግሞ በተቃራኒው ከኤሚተር ይጀምራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካፖርት ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ ያለው ጽሑፍም ያለ አጉሊ መነፅር አይነበብም። ሰው በእኩለ ሌሊት ሙቀት መለኪያ በትራንዚስተር ቦታ በይዶ «ይህ ሰርኪዩት ምን ሆነ?» እያለ ጸጉሩን ሲነጭ፣ እርስዎ ጥግዎ ላይ ሆነው በላስቲክዎ ውስጥ ይስቃሉ።

የመስታወት ዳዮዶቹን ነገር እተወዋለሁ፤ ተራውን ዳዮድ (ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) ከዜነሩ (ቮልቴጅን ከሚገድበው) በዓይን ልለይ የሚል ካለ እግዚአብሔር ይርዳው።

የሰርኪዩት ቦርድ ላይ ተለጥፈው የሚበየዱት ደቃቆቹ ግን ዝም የሚባሉ አይደሉም። 0603 የሚባለው መጠን ርዝመቱ 1.6፣ ስፋቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። 0402 ደግሞ አንድ በግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲያነጥሱ የሚጠፋ ዕቃ ነው። ከእነሱ ውስጥ የ0603 ሬዚስተሩ ቢያንስ ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ቁጥር ይዟል፤ 103 ካለ 10 ኪሎ ኦም ነው። ቻርጅ የሚያከማቸው የሴራሚክ ካፓሲተር ግን ምንም አልተጻፈበትም። አባቱን፣ አያቱን፣ ቀበሌውን የሚያውቀው የመጣበት ጥቅልል ብቻ ነው። ከጥቅልሉ ወጥቶ እርስዎ ዘንድ የገባ ካፓሲተር መታወቂያው የተቀደደ ስደተኛ ነው፤ ካፓሲተር በሚለካ ቴስተር አንድ በአንድ ካልተጠየቀ ማንነቱ አይታወቅም። ለእነሱ እኮ ማረፊያ ተዘጋጅቶላቸው ነበር! የለስላሳ መጠጫ ስትሮ በጣት እርዝመት ተቆርጦ፣ አንዱ ጫፍ በላይተር ነበልባል ሞቆ በወረንጦ ተጨፍልቆ ይደፈናል፤ ካፓሲተሮቹ ከገቡ በኋላ ሌላው ጫፍም እንዲሁ፣ እነሱ እንዳይሞቁ በቂ ርቀት ትቶ። ዋጋው በማርከር ላዩ ላይ ይጻፋል። ስትሮው ግልጽ ከሆነ ስንት እንደቀረም ይታያል። ለሁሉም ክፍል አንድ ክዳን ብቻ ያለው ባለ ክፍልፋይ የፕላስቲክ ሳጥን ይህን አይተካም፤ ሳጥኑ ሲገለበጥ ደቃቆቹ በክዳኑ ሥር እየሾለኩ ሰፈር ይቀያየራሉ። እርስዎ ግን ስትሮዎቹን ሳይቀር ውጠው፣ ውስጥዎ በመቀስ ጫፍ ተበስተው ሆዳቸው ፈሰሰ።

ሲአር2032 ባትሪውስ ምን በደለዎት? 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት ይዞ አዲስ ሆኖ ገባ። ከተቆራረጠ ሽቦ ጋር ስላስተኙት ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተገናኝተው ሞቶ ወጣ። ፊቱ ላይ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ቢለጠፍበት ኖሮ ዛሬም በሕይወት ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቆርቆሮ በመሆንዎ ስታቲክ (በመፋተግ የሚከማች ኤሌክትሪክ) አያመነጩም፤ ይህ ተመዝግቦልዎታል። ውስጥዎ ያከማቹት ፌስታልና ከቴሌቪዥን ካርቶን የተቦጨቀ ነጭ ፎም ግን ሌላ ጉድ ነው። በበጋ፣ አየሩ ደርቆ ሹራብ ሲወልቅ ጭር ጭር በሚልበት ሰሞን፣ ያ ፎም ስታቲክ ያቁራል። ሰው የስታቲክ ንዝረት የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ሞስፌት የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ግን ጌቱ፣ ማለትም መቆጣጠሪያው፣ ከዚያ እጅግ ባነሰ ይበሳል፣ ድምፅም አያሰማም። እግራቸው በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ የተቀመጡትን ሞስፌቶች ማን ገፍፎ ፎሙ ላይ እንደሰካቸው መልስ እንዲሰጡበት ተጠይቀዋል።

የእማዬ የሸሚዝ ቁልፎች ደግሞ እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራሉ? መርፌም ተገኝቷል፤ የተገኘውም በጣት ነው። እማዬ በበኩሏ «አንተ ልጅ፣ የኔ ቆርቆሮ ነው፣ ሽቦህን አውጣልኝ» ስትል አቤቱታዋን በቃል አቅርባለች።

እንግዲህ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ይደረጋል። አይደንግጡ፤ እንደ ሌላው ቦታ ወንበር ተገዝቶ የሚቀር አይደለም። ጥናቱ እንዳመለከተው የእርስዎ ጉልበት የሚመነጨው ከ61ዱ መሳቢያ ነው። የደከመ እጅ ከ61 በር አንዱን ከሚመርጥ እርስዎ ላይ መጣል ይቀለዋል። ስለዚህ በየዕለቱ የሚፈለጉት ብቻ፣ ማለትም 220 ኦም፣ 1፣ 4.7፣ 10 እና 100 ኪሎ ኦም የየራሳቸውን መሳቢያ ይይዛሉ። የቀሩት በአሥር እጥፍ በአሥር እጥፍ እየተሰበሰቡ በአንድ በአንድ ፖስታ ይኖራሉ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ዋጋቸውን የሚናገረውን የቀለም ቀለበታቸውን አንብቦ ያውጣ። በጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ የማርማላታ ብርጭቆ ክዳን ይቀመጣል። ከሥራ የተረፈ ዕቃ ሁሉ እዚያ ያድራል፤ ክዳኑ ሲሞላ ዕቃው ወደየቤቱ ሳይመለስ ሌላ ሥራ አይጀመርም። ክዳን የተመረጠው ሆድ ስለሌለው ነው።

እርስዎ በበኩልዎ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ጊዜ አንሥቶ ምንም ዓይነት አዲስ ዕቃ እንዳይቀበሉ ታግደዋል። «ለጊዜው ነው» የሚል ማንኛውም እጅ ቢመጣ ማኅተም ይጠይቁት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ10 ኪሎ ኦም መሳቢያ፦ ከ«ልዩ ልዩ» የሚመለሱ አባላትዎን ቆጥረው እንዲረከቡ
ለማርማላታው ክዳን፦ ለሥራ
ለእማዬ፦ ቁልፎቿን እንድትወስድ፤ ቆርቆሮውን በተመለከተ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው