ለክቡር አቶ «በመጽሐፉ ላይ የተመሠረተ»፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአደባባይ ስለመዋረዴ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከመጽሐፍ በተሠራ ፊልም ሁሉ ላይ ስምዎ ተጽፎ ስለማየው ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። የመጽሐፉ ቀለም ሳይደርቅ መቀስዎን ይዘው ደጁ ላይ ይቆማሉ። አመልካች የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። አቤቱታዬን እዚህ የጻፍኩት መዝገብ ቤቱ ወደ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቁ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ወደሚል ዘበኛ እንዳይልከኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር አንድ መዝናኛ ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። ሽልማቱ ለጠረጴዛው ሁሉ የሚበቃ የዓሣ ጥብስ። ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋር እኩል ነጥብ ላይ ደረስን። መለያ ጥያቄ መጣ። አቅራቢው ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ «በቶልኪን “ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ” መጽሐፍ ውስጥ» አለ። መጽሐፍ ነው ያለው፤ ልብ ይበሉልኝ። «የቆሰለው ባለታሪክ ፍሮዶ ወንዙን የተሻገረው በማን ፈረስ ነው?»

ጓደኞቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ድንጋይ የሚያህል መጽሐፍ አንብበህ ምን አገኘህ?» ሲሉኝ ነው የኖሩት። ይኸው፣ ዓሣ ላገኝበት ነው። ብድግ ብዬ «የግሎርፊንደል!» አልኩ።

አቅራቢው ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። ተመልሶ ወረቀቱን አየ። «ግሎር… ማን?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አልተመለሰም!» ከጎረቤት ጠረጴዛ አንዷ ጥሬ ሥጋ እንዳዘዘ ሰው ዘና ብላ «የአርዌን» አለች። ጭብጨባ።

ይግባኝ ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ በመጽሐፉ አርዌን ያን ጊዜ ከአባቷ ቤት ንቅንቅ አላለችም፤ ፈረሱ የጦረኛው የግሎርፊንደል ነው» ብዬ አስረዳሁ። «ማስረጃ አለህ?» አለኝ። መጽሐፉ ቤት ነው። ዓሣ ሊበላ ሲወጣ ሺህ ገጽ ተሸክሞ የሚወጣ ማን አለ? የእነሱ ማስረጃ ግን ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የእርስዎን ሥራ፣ ፊልሙን፣ ከፈተው። ቆንጆ ልጅ፣ ነጭ ፈረስ፣ የተመዘዘ ሰይፍ፣ እየተግተለተለ የሚወርድ ጎርፍ። ስልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። አስተናጋጇ ሳትቀር ትሪዋን እንደያዘች ቆማ አየች፤ ከዚያ ዞራ እኔን በሐዘኔታ አየችኝ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ፣ «ልጄ፣ እያየኸው ትክዳለህ እንዴ?» አሉኝ።

ዓሣው በአፍንጫዬ ሥር አለፈ። ከነሎሚው፣ ከነዳጣው። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ የገዛ ጓደኛዬ ምን አለኝ? «ፊልሙን ሳታይ ግን ለምን ትመልሳለህ?»

ክቡር ሆይ፣ ሲጀመር ግሎርፊንደልን መሰረዝዎ ይገባኛል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ስሙ በዝቶ፣ ሰዓቱ አጥሮ፣ አርዌንም የምትሠራው ሥራ አጥታ ነበር። እሺ። ፍሮዶስ ምን አደረገዎ? በመጽሐፉ ቆስሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ፈረሱ ላይ ብቻውን ሆኖ ወደ ዘጠኙ ጥቁር ፈረሰኞች ይዞራል። ሰይፉን ያነሣባቸዋል። እርስዎ ዘንድ ግን ዓይኑ ተገልብጦ ይንጠለጠላል። ሰይፉንም ድፍረቱንም ወስደው ለሌላ ሰጡበት።

ጫካ ውስጥ እየዘፈነ የሚኖረውን ቶም ቦምባዲልን ጭራሽ ስለመተውዎ ምንም አልልም። እሱም ቅር የሚለው አይመስለኝም።

በ1937 የታተመችውን ቀጭኗን የቶልኪን መጽሐፍ «ሆቢት»ን ደግሞ ከ2012 እስከ 2014 ሦስት ፊልም አደረጓት። ያኔ መቀሱን ማን ተውሶት ነበር?

የጦር አዛዡ ፋራሚር ግን ሌላ ነገር ነው። በመጽሐፉ ፍሮዶ የተሸከመው ያ ክፉ ቀለበት እጁ ሊገባ ሲችል፣ መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማያነሣው የሚናገር ሰው ነው። ወንድሙ በወደቀበት ፈተና እሱ አልወደቀም። በ2002ቱ ፊልም ፍሮዶንና ጓደኛውን ሳምን አስሮ፣ ቀለበቱን ለአባቱ ሊያበረክት ይነሣል። ኋላ ይጸጸታል፤ እኛም ተጸጸተ ብለን እንድናደንቀው ነው። ከመጀመሪያው ጨዋ የሆነ ሰው ለካሜራ አይመችም ማለት ነው?

ሳምስ? በፊልሙ መንገድ መሪያቸው ጎለም የቀረችውን ስንቅ ገደል ወርውሮ ፍርፋሪዋን ሳም ልብስ ላይ ይነሰንሳል። ፍሮዶም አምኖት፣ «ወደ ቤትህ ሂድ» ብሎ ጓደኛውን ደረጃው ላይ ጥሎት ይሄዳል። ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም! ወደ ሸረሪቷ ዋሻ የገቡት አብረው ነው። ያን ሁሉ መንገድ አብሮት የተራበ ሰው በፍርፋሪ ይባረራል? አንተ ጓደኛ የሚባል ነገር ኖሮህ አያውቅም? ሰዓት ለማሳጠር ነው እንዳትለኝ። የሌለ ነገር ጨምረህ ነው ያስረዘምከው። ማሳጠር ሌላ፣ የሰው ስም ማጥፋት ሌላ። የሚያለቅስ ፊት ለማሳየት ብለህ ሁለት ሰው አዋረድክ!

ይቅርታ። እርስዎ።

መጨረሻው አካባቢ ያለውን ምዕራፍ ሳላነሣ አላልፍም። አራቱ ጓደኛሞች ድል አድርገው ሲመለሱ አገራቸው ሻየር ዛፉ ተቆርጦ፣ ወንዙ ተበክሎ፣ በየግድግዳው ደንብ ተለጥፎ ይጠብቃቸዋል። ራሳቸው ተነሥተው፣ ጎረቤቱን አስተባብረው ያስለቅቃሉ፤ ሳም ዛፍ ይተክላል። በ2003ቱ ፊልም ግን ሻየር እንደተዉት ነው። መጠጥ ቤት ገብተው ይጠጣሉ፣ ሳም ያገባል፣ በቃ። 11 ኦስካር ወሰዱበት። ይውሰዱ፤ ሙዚቃውን እኔም እወደዋለሁ። ግን ሐይቁ ላይ እምቦጭ ተነጥፎ ያየን ሰዎች ነን። ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ የነቀለ ገበሬ ጎረቤታችን ነው። ጭራቁ ከሞተ በኋላ ደጅህን ማጽዳት እንደሚቀር የሚናገረውን ምዕራፍ ከማን ልንሰማው ነው? በየግድግዳው ስለሚለጠፈው ደንብ ደግሞ አልነግርዎትም፤ ጉርድ ፎቶና ቴምብር ይዘው ይምጡና ያንብቡት።

አሁን ደግሞ የሃሪ ፖተርን 7 መጻሕፍት በተከታታይ ድራማ እንደገና ሊሠሩ መነሣትዎን ሰምቻለሁ። በ8ቱ ፊልሞች ፒቭስ የሚባለው ረባሽ መንፈስ ዝር አላለም። ለመጀመሪያው ፊልም ተዋናይ መርጠው፣ ቀርጸው፣ ከዚያ ቆረጡት። የቆረጡትን ካልጣሉት ይላኩልኝ።

ከሠላምታ ጋር
አመልካቹ

ግልባጭ፦
ለመቀስ ክፍል
ለአቶ ቶም ቦምባዲል፣ እንዲያውቁት